ከመናፈሻው ለአባባ ስደውል

አባባ ከሞተ በኋላ ብዙ እሁድ ደውዬለታለሁ። የምደውለው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነበር፤ ከመቀሌው ሮማናት አደባባይ ትንሽ አለፍ ብሎ ካለው መናፈሻ፣ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ካለችው የድንጋይ መቀመጫ። መሞቱን እናቴ ታውቅ ነበር። ወንድሜ ያውቅ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ልጃችንን የሚያጫውተው ባሌም ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሚያውቅ ሰው ያወቀውን ሲነግሩት «ለቀባሪው አረዱት» ይባላል። የእኛ ቤት ነገር የዚያ ግልባጭ ነው፤ ቀባሪው ሁሉ ዝም ብሎ ልጅቱ ሳትረዳ ቀረች።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። መቀሌ የመጣሁት ለማስተማር ነው፤ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። ባሌ የመቀሌ ልጅ ነው፤ ዓይናለም ባሉት የውሃ ጉድጓዶች ላይ ፓምፕ ይጠግናል። ጦርነቱ መጥቶ መንገዱም ስልኩም ባንኩም ሲዘጋ ቆየና በመሐሉ ልጄን አረገዝኩ። ወለድኩ፣ ክርስትና አስነሳሁ፣ ልጅቷ ዳዴ አለች፤ ደብረ ብርሃን ያሉት ግን ከዚህ አንዱንም አያውቁም። እኔም የእነሱን አላውቅም። በአንድ አገር እየኖሩ እንዲህ መጠፋፋት ይቻላል ብሎ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ እስቅበት ነበር።

ስልኩ የተከፈተ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይጮህ ነበር። አንዱ በደስታ ይጮኻል፣ አንዱ በሐዘን፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። እኔ እናቴን አገኘኋት። መጀመሪያ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ መውለዴን ነገርኳት፤ የልጅቷን ስም ሦስቴ አስደገመችኝ። «አባባስ?» አልኩ። ደህና ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አለችኝ።

ይህን ውሸት አልለውም፤ ወግ ነው። እናት ለልጇ በስልክ መርዶ አትነግርም። መርዶ ሰው ይፈልጋል። ጎህ ሲቀድ ጎረቤትና ሽማግሌ ቄሱን ይዘው በር ያንኳኳሉ፤ ሴቶቹ ራስሽን እንዳትጎጂ በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ወንድሜ በማግስቱ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለባሌ ነው። አባታችን መንገዱ ተዘግቶ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም ማለቂያ፣ ታሞ በአልጋው ላይ ዐርፏል፤ ተዝካሩም ወጥቷል፤ አንተ ሰው ሰብስበህ እንደ ወጉ አርዳት ብሎ አደራ ሰጠው። ባሌም እሺ አለ። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አንባቢ ግን እንደ እኔ እንዳይደናበር አስቀድሜ ማውራቴ ነው።

ባሌ መጀመሪያ የፈራው ለጡቴ ነው። ሐዘን ወተት ያደርቃል ይባላል፤ ልጅቷ ደግሞ በዚያ በችግሩ ዘመን ከእኔ ጡት በቀር የረባ ነገር ቀምሳ አታውቅም። ትንሽ ትጠንክር ብሎ ቆየ። ወንድሜ ግን እየደወለ ነገርካት ወይ ይለዋል። ያልተለቀሰለት አባት መቼም ዕረፍት አይሰጥም። አንድ ቀን ባሌ አፍሮ፣ አዎ ነግሬያታለሁ አለው። በነጋታው ሊያደርገው ቆርጦ ነበር፤ ቄሱንም አነጋግሯል።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ እውነትም የግቢያችን በር ተንኳኳ። የመጡት ግን ለእኛ አልነበረም። ለቤት አከራያችን ነበር፤ ግቢው ሁሉ «አደይ» እያለ፣ እናቴ እንደ ማለት፣ ለሚጠራቸው ሴትዮ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ከጦርነቱ እንደማይመለሱ ነገሯቸው። እኔ በግራ በኩል ይዤያቸው ነበር። ባሌ የጠራው ቄስ እዚያው ነበር፣ ባሌ ያሰባቸው ሽማግሌዎችም እዚያው ነበሩ፤ ሁሉም ግን በአደይ ሐዘን ላይ ተቀመጡ። ያን ሰሞን ድንኳን ያልተተከለበት መንደር አልነበረም። ከአንዱ ድንኳን ወጥተን ሌላው ውስጥ እንቀመጥ ነበር፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሴቶች ጥቁር ለበስኩ።

ወንድሜ ግን ለእናቴ ተረድታለች ብሎ ነግሯት ነበር። እናቴ ስልክ ይዛ ልቅሶዬን ስትጠብቅ፣ እኔ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩና በደስታ ድምፅ «አባባ ሳሉ ተሻለው?» አልኳት።

መናፈሻውን የመረጥኩት ስለሚያምር አይደለም። ቤታችን ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ እናቴ ደግሞ ጆሮዋ ስለደከመ ካልጮኹ አትሰማም። አደይ ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠው እያለቀሱ እኔ ግቢው መሐል ቆሜ በአማርኛ «አባባስ?» እያልኩ ልጮህ? ማንም ምንም አላለኝም፤ ከዚያ ግቢ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም በዚያ ሰሞን አማርኛዬን እንደ ሌባ ዝቅ አድርጌ ነበር የምናገረው። መናፈሻው ግን የከተማው እምብርት ስለሆነ ማንም ማንንም አይሰማም። ባጃጁ ይንጫጫል፣ የታክሲ ረዳቱ ይጣራል፣ ሙሽሮች ለፎቶ ሲመጡ አጃቢው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ጥላው ሥር ክራንቻቸውን ያጋደሙ ወጣቶች ይቀመጣሉ፤ አጥሩ ጥግ ከየቦታው የተፈናቀሉ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይውላሉ። አንድ ዘበኛም አለ፤ ሣሩን የረገጠ ሰው ሲያይ ፊሽካውን ይነፋል። ይህን ሁሉ ባሳለፈ ከተማ ውስጥ ሣር ተረገጠ ብሎ የሚቆጣ ሰው መኖሩ አንዳንድ እሁድ ያናድደኛል፣ አንዳንድ እሁድ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አባባ ድሮም ስልክ አይወድም። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳለ ስልክ ከሰጡት እንደ ትኩስ ካውያ በጣቱ ጫፍ ይይዘዋል። ደህና ነሽ፣ እህል ትበያለሽ፣ በይ እናትሽን ብሎ ያስረክባታል። ስለዚህ እናቴ አንዱን እሁድ ተኝቷል፣ ሌላውን እሁድ እድር ሄዷል፣ ሌላውን ደግሞ ገላውን እየታጠበ ነው ስትለኝ አመንኳት። አንድ ሽማግሌ እኔ በምደውልባት ሰዓት ገላውን ይታጠባል ብዬ ያመንኩት እኔ ነኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

እናቴ በበኩሏ ምን አድርጋ ትመልስልኝ? መርዶውን የሰማች ልጅ፣ ጥቁር የለበሰች ልጅ፣ የሞተ አባቷን ስልክ ላይ አቅርቡልኝ ስትል ምን ይባላል? ጥቁር መልበሴን ራሴ ነኝ የነገርኳት። አንድ እሁድ በጨዋታ መሐል ፈራ ተባ እያለች ጥቁር ለብሰሻል ወይ አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ጥቁር ነው፣ እኔም ለብሻለሁ አልኳት፤ ስለ አደይ ልጆች ልነግራት ስል መስመሩ ተቆራረጠ። መልሼ ስደውል ሳንቲሜ እንዳያልቅ ቸኩዬ «አባባን አቅርቢልኝ» አልኩ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ አእምሮዋን ስታለች ብላ ደመደመች። የስንቱን ጭንቀት አልፋ፣ በስንቱ ፈርታ፣ መጨረሻ ላይ የአባቷ መርዶ ሲጨመርበት ጭንቅላቷ አልቻለም አለች። እብድን ደግሞ አይቃረኑትም። ስለዚህ በየእሁዱ አባቴን ቤተ ክርስቲያን ትልክልኝ ነበር።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ልጄ አፏን የፈታችው በትግርኛ ነው፤ አባባ ግን አንድ ቃል እንኳ ከአፏ በቋንቋው እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። መናፈሻው መቀመጫ ላይ አቁሜ «አባባ በይ» እላታለሁ። እሷ ባሌን ታያለች። ባሌ ፊቱን ያዞራል። ቁጥሩን መምታት ስጀምር ሁልጊዜ ልጅቷን ታቅፎ ሙሽሮቹን ላሳያት ብሎ ይነሳል። ፓምፕ ሲጠግን እንኳ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው እንዴት ለሰው ሙሽራ ይቸኩላል ብዬ ቀልጄበት አውቃለሁ። ሣቀልኝ። ያችን ሣቅ አሁንም ሳስታውሳት ቆሽቴ ያራል።

ጠርጥረሽ አታውቂም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። እንጃ። አንዳንድ ማለዳ ማንም ሳይነሳ በሩን ከፍቼ ደጁን አይ ነበር። ሄጄ እንዳላይ ደሞዛችን ገና አልተለቀቀም፤ ከአሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት አውሮፕላኑ መነሳት ቢጀምርም ትኬቱ ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም። ደግሞም እኛ ዘንድ ሰው መጥቶ ካልነገረሽ ሰው አልሞተም። የእኔ በር ጎህ ሲቀድ ስላልተንኳኳ አባቴ አለ ብዬ ነበር የምኖረው።

የመጨረሻዋ እሁድ ፀሐይዋ ከባድ ነበረች። ባሌ እንደ ልማዱ ልጅቷን ይዞ ወደ ፎቶ አንሺው ሄደ። እናቴ ስልኩን ስታነሳ ድምፅዋ ተለውጧል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ልጄ ጠበል ግቢ አለችኝ። ወንድምሽ እንደምንም ትኬት ይቆርጥልሻል፣ ባልሽ ያምጣሽ፣ ሱባዔ አብሬሽ እገባለሁ አለች። ምን ሆኜ ነው ጠበል የምገባው አልኳት፤ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ጠበል ግቢ ብላ ስትደግመው ተናደድኩ። እኔ ንዴቴ ቶሎ ነው፤ በዚያ ላይ ስንት ሳምንት ሙሉ ገላውን የሚታጠብ አባት ሰልችቶኛል። ነጠላዬን ከትከሻዬ ጥዬ ተነሳሁና፣ እሁድ እሁድ የምታመካኚልኝን ተይና አባባን አቅርቢልኝ፣ አባቴን መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው እብደት የሆነው ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

«እኔስ ስንት ጊዜ ልቅበረው፣ ልጄ?» አለች። «አንቺ በየእሁዱ እየጠራሽው እኔ ስንት ጊዜ ልቅበረው?»

ከዚያ ልቅሶዋ መጣ፤ ከልቅሶዋ በኋላ ስልኩ ተዘጋ።

ቀና ስል ባሌ ከሙሽሮቹ አጠገብ ሆኖ እያየኝ ነው። ከዚያ ርቀት አንድ ቃል አልሰማም፤ ግን ፊቴን አየ። ልጅቷን ሣሩ ላይ አስቀመጣት፤ ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ባሌ ዞር ብሎ አላየውም። ሣሩን አቋርጦ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። «መቼ ነው?» አልኩት። በዐቢይ ጾም ማለቂያ፣ መንገድ ተዘግቶ ሳለ አለኝ። ከዚያ የወንድሜን አደራ፣ ስለ ጡቴ መፍራቱን፣ አፍሮ መዋሸቱን፣ የአደይ በር የተንኳኳበትን ያን ማለዳ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ደረቱን በቡጢ መታሁት። በቤታችን ተሰምቶ የማያውቅ ስድብ ሰደብኩት፤ በመቀሌ መሐል፣ በአማርኛ፣ በጉሮሮዬ ሙሉ። ሰው ቆሞ ያያል። እሱ እጁን እንኳ አላነሳም።

«በጃኺ፣ እባክሽ ስሚኝ» አለ። «መርዶ ብቻዬን እንዴት ላውራሽ? ማንን ይዤ ልምጣ? ሰፈሩ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነበር። ልጆቹን ከቀበረ ሰው በር ላይ ቆሜ፣ ኑና የሚስቴን አባት አርዱልኝ ልበል?»

ይህን ሲለኝ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ነጥቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት፣ «አባቴ» ብዬ ጮህኩ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ቅርጫቷን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳትጠይቅ ነው እጄን የያዘችው። አጥሩ ጥግ ከነበሩት እናቶች ሁለቱ መጡ፤ አንዷ ልጄን አዝላ መጣች። ዘበኛው ወደ እኛ ሁለት እርምጃ መጣና ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ባሌ ስንት ጊዜ ሙሉ ያጣው ሰው በአንዴ ተሰበሰበ። አንዱም አያውቀኝም።

ከመካከላቸው ያረጁት ሴትዮ «ጓለይ፣ ወድኺ ድዩ?» አሉኝ። የኔ ልጅ፣ የሞተው ወንድ ልጅሽ ነው ወይ ማለታቸው ነው፤ ወይስ ወንድምሽ አሉ። በዚያ መናፈሻ ጦርነቱ ከወሰደው በቀር ለሌላ ሰው ይለቀሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። «አቦይ» አልኩ፣ አባቴ። በምን ሞተ አሉኝ። ታሞ፣ በአልጋው ላይ፣ እናቴ አጠገቡ ሆና አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሮጊቷ ጭንቅላቴን ወደ ደረታቸው ስበው «ኣብ ዓራቱ?» አሉ ቀስ ብለው፣ በአልጋው ላይ፤ «ዕድለኛ እዩ።» ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት ልነክሳቸው ነበር። ለእኔ አባቴ የሞተው ገና ዛሬ ነው፤ ዕድለኛ መባሉን አልፈለግኩም። ደግሞ የእሳቸውን ልጅ ማን እንደቀበረው፣ ይቀበር አይቀበር፣ እንደማያውቁ ከፊታቸው ይነበባል። ሁለቱንም ስሜት በአንድ ጊዜ መያዝ አቃተኝ። ደረታቸው ላይ እንደተደፋሁ ዝም ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስልኬ ሣሩ ላይ ወድቆ ይጠራል። ይዘጋል፣ መልሶ ይጠራል። ባሌ አንስቶ አየውና ለእኔ ሰጠኝ።

እናቴ ነበረች። ድምፅዋ ሕፃን እንደምታስተኛ ሴት ለስልሷል። ተቆጣሁሽ ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ ያልኩሽን እርሺው አለች። «አይዞሽ፣ አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው» አለች። «ሲመጣ አገናኝሻለሁ።»

ምን እላታለሁ? ማንም አልነገረኝም ነበር፣ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ ልበላት? ልጇን ሰው በሌለበት፣ በስልክ፣ በቁጣ ያረዳች እናት መሆኗን ካወቀች ያቺ ሴት ዳግመኛ እህል አትቀምስም። ባሌንም እስከ ዕለተ ሞቷ አትምረውም። በነጠላዬ ጫፍ አፌን ጠረግኩ። የአሮጊቷን እጅ ጨብጬ ያዝኩ።

«እማዬ፣ አባባ ሞቷል» አልኩ። «አውቃለሁ። ደህና ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮዋ ስታዞረው ይሰማኛል።

«ማን ነው የሞተው?» አለች፣ የታመመ ልጅ እንደሚጠየቅ ረጋ ብላ።

«አባባ።»

«የት ነው ያረፈው?»

ይህን አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። አባባ ግን ሁልጊዜ ይመኝ የነበረው አንድ ቦታ ነበር። «ከእናቱ ጎን» አልኩ።

ከወዲያ በኩል አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። «ተመስገን» አለች እናቴ። «ጌታዬ፣ ልጄን መለስክልኝ፣ ተመስገን።» ስልኩን ሳትዘጋ ወንድሜን ስትጠራው፣ ዐወቀች፣ መሞቱን ዐወቀች ስትለው ይሰማኛል፤ ከዚያ እልል አለች።